ለውሻ አሥር ቀን

በብረት በሩ ላይ ቀይ ካርድ ተንጠልጥሏል። ትርጉሙ፣ ከተፈቀደላቸው ጥቂት ሰዎች በቀር ማንም በሩን እንዳይከፍት ነው። እኔ መክፈት ገና አልተፈቀደልኝም፤ ውጭ መቀመጥ ግን እችላለሁ። ጎኔን ለበሩ ሰጥቼ በቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጥኩና ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተከልኩ። በቅጡ ሳልደላደል ውሻዋ ከውስጥ ተወርውራ በሩን በደረቷ መታችው። ብረቱ ተንጋጋ፤ ግራና ቀኝ ያሉት ውሾች ሁሉ አብረው ጮኹ፤ የምራቋ ፍንጣቂ ጉንጬ ላይ አረፈ። አልተነሣሁም። ከኪሴ የጣት ጫፍ የሚያህል የተቀቀለ ዶሮ አወጣሁና በበሩ ሥር ገፋሁላት። አልበላችውም። ሌላ ጨመርኩ። አሁንም አልበላችውም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቼ ስሄድ ከኋላዬ የጥፍሮቿን ኮቴ፣ ቀጥሎም ወለሉን ስትልስ ሰማሁ።

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2022፣ ኅዳር ሲገባደድ ነው። ቦታው ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ብዙም የማይርቅ የእንስሳት መጠለያ ነው። ማታ ማታ በአንድ ሆቴል የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ጠዋቴን በሳምንት አራት ቀን ለመጠለያው ከሰጠሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኝ ነበር። የመጠለያው ሠራተኞች ውሻዋን «ኦሊቭ» ብለው ሰይመዋታል። ኦሊቭ በእኛ ቋንቋ ወይራ ነው። የሽማግሌ ምርኩዝ፣ የወተት ዕቃ ማጠኛ፣ ምሳር የሚመልስ እንጨት። ስሙን ስሰማ በልቤ «ወይራ» አልኳት፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም።

ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ገደማ፣ ክብደቷ 24 ኪሎ፣ ቀለሟ ዳማ፣ ደረቷ ነጭ። አንገቷ ዙሪያ ጸጉር የለም፤ በጸጉሩ ቦታ የዳነ ጠባሳ እንደ ቀለበት ዞሯል። ቡችላ ሳለች የታሰረላት ማሰሪያ ሳይቀየርላት እያደገች ቆዳዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከገጠር ያመጣት የእንስሳት ጥበቃ መኮንን ያነሣውን ፎቶግራፍ አይቼዋለሁ። ፎቶግራፉ ላይ አንድ ዛፍ አለ፤ ዛፉ ላይ ሰንሰለት አለ፤ ሰንሰለቱ በደረሰበት ሁሉ መሬቱ ተፍቆ ፍጹም ክብ ሆኗል። ከክቡ ውጭ ሣር፣ ከክቡ ውስጥ አቧራ። ያንን ክብ ሳይ ፎቶግራፉን ላሳየችኝ ሴት ምንም መናገር አልቻልኩም። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

በገባች በሁለተኛው ቀን አንድ ሠራተኛ ከክፍሏ ሊያወጣት አንገቷን ያዛት። ክንዱን ነከሰችው። የእንስሳት ሐኪምና የባሕርይ አሠልጣኝ የሆነው ኢያን ደንባር ያዘጋጀው የንክሻ መለኪያ አለ፤ ስድስት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ጥርስ ሳይነካ ማስፈራራት ነው፤ ስድስተኛው መግደል። የወይራ ንክሻ ሦስተኛው ላይ ተመዘገበ። ይኸውም በአንድ ንክሻ ከአንድ እስከ አራት ቀዳዳ፣ ጥልቀቱ ከክራንቻዋ ግማሽ ያልበለጠ ማለት ነው። በሕጉ መሠረት አሥር ቀን ለብቻዋ ተቀመጠች።

አሥር ቀን የሚባለው ነገር በዘፈቀደ የመጣ ቁጥር አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ ቫይረሱን በምራቁ ማስተላለፍ ከጀመረ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታልም። ስለዚህ በአሥረኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ የተገኘ ውሻ፣ በነከሰበት ዕለት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ውሻው በሕይወት እንዲቆይ ብቻ ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ይህ በሽታ በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ፣ አብዛኛው በውሻ ንክሻ። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአገራችን ሰው ውሻ ሲናከስ ድንጋይ የሚያነሣው በጭካኔ ብቻ አይደለም። ያየው ነገር አለ።

እኔም ልጅ ሳለሁ ተነክሻለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሰፈራችን ጉለሌ። የነከሰኝ የጎረቤታችን ውሻ ሲሆን ስሙ መከታ ነበር። ወንዶቹ በዚያው ዕለት ከመምሸቱ በፊት ደብድበው ገደሉት። ውሻው ስለሞተ አሥር ቀን ጠብቆ ማየት የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ አባቴ ፓስተር የሚባለው የጤና ተቋም እየወሰደኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ሆዴ ላይ መርፌ ተወጋሁ። የሕመሙን ያህል የማስታውሰው የአባቴን እጅ ነው። ጠዋት ጠዋት እጄን ይዞ ሲወስደኝ አንድም ቀን አላማረረም።

ወይራ አሥሩን ቀን ጨረሰች። የመጠለያው የባሕርይ አስተባባሪ ጠርታኝ፣ «ሰው ቤት መግባት የምትችል መሆን አለመሆኗን ለማወቅ ጊዜ እንስጣት፤ በየቀኑ የሚመጣ አንድ ሰው ያስፈልጋታል» አለችኝ። ጊዜ ካልተሰጣት የሚከተለውን ሁለታችንም እናውቃለን። እሺ አልኩ።

የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። እኔ ምስር እየበላሁ በየሌሊቱ ከሥራ ስመለስ ዶሮ እቀቅላለሁ። እናቴ በስልክ የድስቱን ድምፅ ሰምታ ጠየቀችኝ፤ ዋሽቼ ልመልስላት አልፈለግሁም። «ለውሻ? በጾም?» አለችና ዝም አለች። ከዚያ ረጋ ብላ፣ «የተራበ ይብላ እንጂ፤ አንተ ብቻ እጅህን ታጠብ፤ ደግሞ አልጋህ ላይ እንዳታወጣት» አለች። ስለ እናቴ ብዙ ማለት እችላለሁ፤ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ይበቃል።

ዶሮውን የምሰጠው እንዲሁ አይደለም። ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉ ከዶሮው ይበልጣል። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር ነው፤ ለውሻ አሠልጣኝ የተወው ትልቅ ትምህርት ግን ይህ ነው፦ ምልክቱ ይቀድማል፣ ምግቡ ይከተላል። ሰው በበሩ በኩል ሲያልፍ ወይራ መጀመሪያ ሰውየውን ማየት አለባት፤ ዶሮው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዶሮው ከቀደመና ሰውየው ከተከተለ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዶሮው ራሱ የመጥፎ ነገር ዋዜማ ይሆንባትና መብላቷን ትተዋለች። ብዙ ሰዎች «ሞከርኩት፣ አልሠራም» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛው ቀደመ ብዬ ነው።

በሩ ላይ ባልዲ ሰቀልን። የሚያልፍ ሰው ሁሉ፣ ጽዳት ሠራተኛውም፣ ሐኪሟም፣ ቧንቧ ሊጠግን የመጣውም፣ ቆም ሳይል አንዲት ቁራጭ ወደ ውስጥ ይወረውራል። ዝም ብትልም ትጩህም ይወረወርላታል። ይህን ያዩ አንድ እንግዳ፣ «ለመጮኋ እየሸለማችኋት እኮ ነው» ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው ይገባኛል። ይሁን እንጂ ፍርሃት እንደ ልማድ በሽልማት የሚጸና ነገር አይደለም። በጨለማ የፈራ ልጅ ቢያቅፉት ጨለማ መፍራትን አይማርም። በሦስተኛው ሳምንት ወይራ የእግር ኮቴ ስትሰማ ጭራዋን ዝቅ አድርጋ እያወዛወዘች በሩ ሥር ትጠብቅ ጀመር።

ሥልጠናው አንድ ቃል ይጠይቃል። ውሻዋ ትክክለኛውን ነገር ባደረገችበት ቅጽበት «ያ ነው፣ ዋጋሽ እየመጣ ነው» የሚላት አጭር ድምፅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ቀጭ የምትል ትንሽ መሣሪያ ይጠቀማል፤ ሌላው በእንግሊዝኛ ይናገራል። የእንግሊዝኛው ቃል ግን በመጠለያው ኮሪደር ቀኑን ሙሉ ከመቶ አፍ ይወጣል፤ ለማን እንደተባለ አይለይም። እኔ ያልኩት «ጎሽ» ነው። አጭር ነው፤ መጨረሻው ላይ ሽው ይላል፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚለው የለም። አባቴ የቤት ሥራዬን ሲያይ፣ አያቴ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ያሉኝ ቃል ነው። ወይራ ጎሽ የተባለው ለእርሷ ብቻ መሆኑን በሁለት ቀን ውስጥ አወቀች። «ነይ»፣ «ቁጭ»፣ «ተይ» ተከተሉ። የአገሬን ቋንቋ በዚህ ከተማ የተማረችው አንዲት ተናካሽ የተባለች ውሻ ናት፤ ይህ ነገር ያኮራኛል።

አንድ የምወደው ወዳጄ ሊያየኝ መጥቶ ወይራ በሩን ስትመታ አየ። «ጌታዋ ማን እንደሆነ አሳያት። አንዴ ልኳን ካወቀች ቀጥ ትላለች» አለኝ። ይህን ምክር ከሐበሻም ከፈረንጅም ሰምቻለሁ። ምንጩ ሩቅ ነው። ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ የስዊስ ተመራማሪ በ1947 በባዝል የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ስለተዘጉ ተኩላዎች ጽሑፍ አወጣ፤ በጠባብ ግቢ ያለ ዝምድና የተሰበሰቡት ተኩላዎች ለበላይነት ይፋለሙ ነበር። አሜሪካዊው ዴቪድ ሜች በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን አስፋፋው፤ ሕዝቡም ከተኩላ ወደ ውሻ አሻገረው። ከዚያ ሜች በካናዳ ኤልስሜር ደሴት ዱር ውስጥ ያሉ ተኩላዎችን ዓመታት በዓይኑ ተከታተለና በ1999 የቀድሞ አባባሉን የሚያርም ጽሑፍ አወጣ። በዱር ያለው የተኩላ መንጋ አባት፣ እናትና ልጆች ናቸው፤ መሪዎቹም ወላጆች እንጂ ተፋልመው የነገሡ አይደሉም። አንድ ሊቅ የራሱን ታዋቂ ቃል በገዛ እጁ ሲሽር ማየት ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳዝነው፣ የመጀመሪያው ቃል የደረሰበት ቦታ ሁሉ ሁለተኛው አለመድረሱ ነው። የእንስሳት ባሕርይን የሚያጠኑ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም በ2021 ባወጣው መግለጫ ውሻ መሠልጠን ያለበት በሽልማት ብቻ እንደሆነ፣ አንገት የሚያንቅና በኤሌክትሪክ የሚነዝር ማሰሪያ ቦታ እንደሌለው በግልጽ አስቀምጧል። ወዳጄን ግን በመግለጫ አላሸነፍኩትም። አጠገቤ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥኩትና ዶሮውን አስያዝኩት።

አሁን ወደ ማጉረምረም ልምጣ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ እርሱ ነው።

ወይራ ሳትነክስ በፊት ታጉረመርማለች። ከደረቷ ሥር የሚነሣ፣ ከበሮ በሩቅ ሲመታ የሚመስል ዝቅተኛ ድምፅ ነው። ከእርሱም በፊት ሌሎች ምልክቶች አሉ። አፏ ይዘጋል። ከንፈሯን ትልሳለች፤ እንቅልፍ ሳይመጣባት ታዛጋለች። ፊቷን ታዞራለች፤ የዓይኗ ነጭ እንደ አዲስ ጨረቃ ጠርዙ ላይ ብቅ ይላል። ኖርዌያዊቷ አሠልጣኝ ቱሪድ ሩጎስ ብዙዎቹን እነዚህን ምልክቶች እየዘረዘረች ለዓለም አስተምራለች። ምልክቶቹ ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ፦ «እባክህ ትንሽ ራቅ በል።» ይህን ሁሉ ብላ ያልተሰማች ውሻ ታጉረመርማለች። ስታጉረመርም የተመታች ውሻ ማጉረምረሟን ትተዋለች፤ ፍርሃቷን ግን አትተወውም። እንደዚህ ያለችው ናት «ምንም ሳይነኳት ነከሰች» የምትባለው። ሰዎቻችን «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» ይላሉ። በእኔ መረዳት፣ ጩኸቱ ከተሰማለት መናከስ አያስፈልገውም።

መከታም ያጉረመርም ነበር። ጉለሌ ያለው ያ ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ከባሕር ዛፉ ሰንሰለት፤ ሰንሰለቱ ዙሪያውን መሬቱን ፍቆ ክብ ሠርቶ ነበር። እኛ ልጆች ክቡን እናውቀዋለን። ከክቡ ውጭ ሆነን እንጮህበታለን፣ ጠጠር እንወረውርበታለን፤ እርሱ ሰንሰለቱ እስኪወጠር ድረስ ይመጣና ይመለሳል። በዚያ ቀን የካልሲ ኳሳችን ተንከባልላ ክቡ ውስጥ ገባች። ጓደኞቼ እንዳልገባ ነገሩኝ። ውሻው ኳሷ አጠገብ ቆሞ ወደ እኔ እያየ አጉረመረመ። ሰማሁት። ትርጉሙም ገብቶኛል፤ ዘጠኝ ዓመት ይህን ለማወቅ በቂ ነው። ገባሁ።

ወንዶቹ ምን አድርገኸው ነው ብለው ሲጠይቁኝ «ምንም፤ በመንገዴ ስሄድ ነው የነከሰኝ» አልኩ። ኳሷን አልተናገርኩም፤ ክቡን አልተናገርኩም፤ ማጉረምረሙን አልተናገርኩም። ጓደኞቼም ዝም አሉ። ከአጥሩ ማዶ የዱላውን ድምፅ ሰማሁ። አባቴ እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም። ያን ሁሉ ጠዋት እጄን ይዞ ፓስተር ሲያመላልሰኝም አልነገርኩትም። ለእናቴ የነገርኳት ባለፈው ዓመት ነው። የወይራን ፎቶግራፍ ሳይ ምላሴ የታሰረው ለዚህ ነበር።

ስለዚህ ከወይራ ጋር አንድ ሕግ አወጣሁ። ስታጉረመርም ያለሁበትን አቆማለሁ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ። ሁልጊዜ፤ ቸኩዬ ብሆንም፣ ሰው እያየኝ ቢሆንም።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ደረቷን የሚይዝ ጠፍር ማልበስ ቻልን፤ አንገቷን ሳንነካ ማለት ነው። ውጭ ስንወጣ ሌላ ትምህርት ጀመረ። የምትፈራው ኮፍያ ያደረገ ወንድ ነው። ለምን እንደሆነ እርሷ ብቻ ታውቃለች። በ40 እርምጃ ርቀት አይታው መብላት ትችላለች፤ በ30 አትችልም። ሥራው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ነው። በ40 እንቆማለን፤ ሰውየውን ታያለች፤ «ጎሽ»፣ ዶሮ። ታያለች፤ «ጎሽ»፣ ዶሮ። አንድ ቀን አይታው ራሷ ወደ እኔ ዘወር አለችና «የታል ታዲያ?» የምትል በሚመስል ዓይን አየችኝ። ያቺን ዘወር ማለት ያየ አሠልጣኝ ልቡ እንዴት እንደሚመታ ለመግለጽ አልሞክርም። በማግሥቱ በ38 ቆምን። በሳምንቱ በ35። የገጠር ገበሬ ማሳውን በእርምጃ እንደሚለካ እኔም ያንን የመኪና ማቆሚያ በእርምጃ ለካሁት።

በጥር አንድ ቀን ሁሉንም ልናጣ ደረስን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በረዶ ጥሎ ነበር። ስንወጣ በረዶ የሚጠርገው መኪና እየጮኸ አለፈ። ደነገጠች፤ ግን በላች። ጥቂት እንደሄድን አንድ ልጅ በበረዶ ላይ ተንሸራትቶ አጠገባችን ወደቀ። ደነገጠች፤ በላች፤ አፏ ግን ከእጄ ላይ ስትወስድ ከወትሮው ጠንከር ብሎ ነበር። ያን ጊዜ መመለስ ነበረብኝ። ድንጋጤ አንዱ በአንዱ ላይ ይከመራል፤ ሁለቱን የቻለ ውሻ ሦስተኛውን ይችላል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የማይችለው ለዚህ ነው። እኔ ግን የተለመደውን ዙር ልጨርስ ብዬ ቀጠልኩ። ከመኪና መካከል ኮፍያ ያደረገ ሰው በአምስት እርምጃ ርቀት ብቅ አለ። ወይራ ተወረወረች፤ ገመዱ ያዛት፤ ዞራ የእኔን ካፖርት እጅጌ ነከሰች። ወፍራም ካፖርት ነበርና ጥርሷ ሥጋዬ ላይ አልደረሰም። ወዲያው ለቀቀችና መሬት ላይ ተለጥፋ ተንቀጠቀጠች። በረዶው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ ማናችንም አልተነሣንም።

ለአስተባባሪዋ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ከበረዶ ጠራጊው ጀምሬ። ለመናገር አፌን ስከፍት ጉለሌ ያለው ክብ ዓይኔ ላይ ነበር። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ቤትህ ልትወስዳት ትችላለህ? እዚህ ዕረፍት የላትም» አለችኝ። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በአምስት የአሜሪካ መጠለያዎች የነበሩ 207 ውሾችን ተከታትሎ፣ ለአንድና ሁለት ሌሊት ሰው ቤት ሲያድሩ የጭንቀት ሆርሞናቸው ኮርቲሶል እንደሚቀንስ፣ ሲመለሱም እንደገና እንደሚጨምር አሳይቷል። ለካ ያን ሁሉ ወር አስተምራት የነበረው በማትተኛበት ቤት ውስጥ ነው።

በአደራ ወሰድኳት። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ተኛች። እንዲህ ያለ እንቅልፍ አይቼ አላውቅም፤ እግሮቿ እየተንፈራገጡ፣ አንዳንዴ እያለቀሰች፣ ስትነቃ ውኃ ጠጥታ ተመልሳ ትተኛለች። የመጠለያ ሰዎች ሦስት ቀን ለመርጋት፣ ሦስት ሳምንት ለመልመድ፣ ሦስት ወር ቤቴ ነው ለማለት ይላሉ። ሕግ ባይሆንም ሰው እንዳይቸኩል ይረዳል። በዐሥራ አንደኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። አላኘከችውም፤ ይዛው ብቻ ነበር።

አንገቷን የተማርነው ቤት ውስጥ ነው። መዳፌን ዘርግቼ አገጯን እንድታሳርፍበት አስተማርኳት። አገጯ መዳፌ ላይ እስካለ ድረስ ሌላው እጄ ወደ አንገቷ መንቀሳቀስ ይችላል። አገጯን ካነሣች እጄ ይመለሳል። ስምምነታችን ይህ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እጄ ከትከሻዋ አላለፈም። በአንድ ክፍለ ጊዜ አሥራ አራት ጊዜ አገጯን አነሣች፤ አሥራ አራት ጊዜ እጄን መለስኩ። ሰው ይህን ቢያይ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። እርሷ ግን እየፈተነችኝ ነበር፤ እምቢታዋ እውነት ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ። መሥራቱን ስታምን እምቢ ማለቱን ቀነሰች። መጋቢት መጨረሻ ላይ ጣቶቼ ጠባሳዋ ላይ ዐረፉ። ቆዳው ለስላሳ ነው፤ እንደ ልጅ ተረከዝ። አገጯ ከመዳፌ አልተነሣም።

አፍ የሚሸፍነውን የላስቲክ ቅርጫትም በዚሁ መንገድ ተማረች፤ የኦቾሎኒ ቅቤ ውስጡ እየቀባሁላት ራሷ አፍንጫዋን ታስገባለች። (ቅቤውን የምትገዙ ሰዎች ማሰሮው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ውሻ ይገድላል።)

በግንቦት ለአዲስ ቤት ዝግጁ ናት ተባለ። ንክሻዋን፣ ካፖርቴን፣ ኮፍያውን፣ ሁሉንም በመረጃዋ ላይ ጻፍን። አንዳንዱ መጠለያ ውሻው ቶሎ እንዲወሰድ ታሪኩን ያለሳልሳል፤ ይህ ውሻውንም ሰውንም መክዳት ነው። ሁለት ማመልከቻ መጣ። አንደኛው ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ያሏቸው ደግ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ልጆቹ ውሻ አቅፈው መጭመቅ ይወዳሉ። አልሆነም፤ እናትየዋ አለቀሱ፤ እኔም አዘንኩ።

ሁለተኛው ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከመጠለያው ግቢ በር ላይ ሳያቸው ልቤ ወረደ፤ ኮፍያ አድርገዋል። ወይራ በ20 እርምጃ ርቀት አየቻቸው። አፏ ተዘጋ፤ ከደረቷ ሥር ያ ድምፅ ተነሣ። ላስጠነቅቃቸው አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀድመው ቆሙ። ጎናቸውን ሰጧት። ኮፍያቸውን ቀስ ብለው አወለቁና ከጀርባቸው ያዙት፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ዓይናቸውን ወደ ዛፎቹ አድርገው፣ «ሠላሳ ዓመት በሰው ደጃፍ ስመላለስ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተነከስኩት። ሁለቱም ጊዜ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ደብዳቤው ካልገባ ያልኩት» አሉኝ።

ምንም መመለስ አልቻልኩም። «ጎሽ» አልኩ፤ ለማን እንዳልኩት አላውቅም። ወይራ ዞራ ዶሮዋን ጠበቀች።

ስድስት ጊዜ መጡ። በአራተኛው አገጯን መዳፋቸው ላይ አሳረፈች። ቃላቱን በወረቀት ላይ በእነርሱ ፊደል ጻፍኩላቸው፤ «ነይ» ወዲያው ገባላቸው፤ «ቁጭ» የሚለው «ቁ» ግን ሳምንታት ፈጀ። ወይራ ታግሣ እስኪሉት ትጠብቃቸው ነበር። በሐምሌ ይዘዋት ሲሄዱ የመኪናው መስኮት ላይ አልታየችም፤ ኋላ ወንበር ላይ ተጠምጥማ ተኝታለች። እናቴ በዚያች ሌሊት ደውላ፣ «ሄደች?» አለችኝ። ሄደች አልኳት። «ግቢ አላቸው?» አለች። ሣር ያለው ሰፊ ግቢ አላቸው፣ አጥሩም ጠንካራ ነው፣ ሰንሰለት የለም አልኳት።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ወይራን ለክትባት ወስደዋት ነበር። ሐኪሟ ሳያስቡት እጃቸውን ወደ አንገቷ ሲሰዱ አጉረመረመች፤ ሐኪሟም እጃቸውን መለሱ። ማንም አልተነካም። ሽማግሌው ይህን ሁሉ በሚያነበንብ የፖስተኛ ድምፅ ከነገሩኝ በኋላ፣ በዚያች ቅጽበት ያሏትን ቃል ለእኔም ደገሙልኝ። «ጎ»ን ትንሽ ረዘም፣ «ሽ»ን ላላ አድርገው «ጎሽ» አሉ፤ ከኋላቸው ጥፍሮቿ ወለሉን እየነኩ ዶሮዋን ልትቀበል ስትመጣ ተሰማኝ።